በደን ጥበቃ ስም ጎረቤት አይፈናቀል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በካፋ ዞን ጊምቦ ወረዳ ውስጥ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ የምኖር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ንብ አናቢም ነኝ፤ የቀበሌያችን የደን ማኅበር ጸሐፊ ሆኜም አገለግላለሁ። የተወለድኩት ወሎ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ወላጆቼ በሰፈራ ወደዚህ ሲመጡ ፊደል ያልቆጠርኩ ሕፃን ነበርኩ። ያደግኩት፣ የተማርኩት፣ ጎጆ የወጣሁት ካፋ ነው። ባለቤቴ የካፋ ልጅ ናት፤ ካፊኖኖ በቤታችን ከአማርኛ እኩል ይነገራል። ይህን ያስቀደምኩት፣ የምናገረው ከየት ቆሜ እንደሆነ አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የደን ነገር በተነሣ ቁጥር ንግግሩ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። የወረዳ ስብሰባም ይሁን የለቅሶ ቤት ወግ፣ ጀማሪው ስለ ተቆረጠው የቀረሮ ዛፍ ያወራል፤ ጨራሹ ስለ መጤ ያወራል። በቅርቡ በቀበሌያችን አዳራሽ በተደረገ ስብሰባ አንድ ወጣት ተነሥቶ «ሰፋሪው ወደ መጣበት ይመለስ፤ ደኑም ይረፍ፣ እኛም እንረፍ» አለ። ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ካጨበጨቡት መካከል እንደ እኔው በ1977 የመጡ ሰዎች ልጆች ነበሩበት። እነርሱ ሰፋሪ የሚሉት በ1996 ዓ.ም. አካባቢና ከዚያ ወዲህ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣውን ነው። ወላጆቻቸው በዚሁ ስም እየተጠሩ አንገታቸውን ደፍተው እንደኖሩ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም።

የምለው አንድ ነገር ነው። ደኑ መጠበቅ አለበት፤ አጥብቆ መጠበቅ አለበት። ጥበቃው ግን ሰው በሚሠራው ሥራ መመዘኑ ቀርቶ አያቱ በተቀበረበት አገር ከተመዘነ፣ ሰውም ይበተናል፣ ደኑም አይተርፍም።

የአገሬውን ቅሬታ ከንቱ ነው የሚል ሰው ታሪኩን አልሰማም። ካፋ የራሱ ንጉሥና የራሱ ሥርዓት የነበረው አገር ነው። በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ዘምቶ አገሩን ያዘ፤ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ተወሰዱ። በጦርነቱና ተከትሎ በመጣው የባርያ ንግድ ሕዝቡ ክፉኛ አለቀ፤ የተረፈው ገባር ሆነ። ሰው ሲያርሰው የኖረውን ብዙ ማሳ ጫካ ዋጠው። ስለዚህ ለአንድ የካፋ አዛውንት አዲስ ሰው መጣ ማለት መሬት ሊወሰድ ነው ማለት ሆኖ ቢሰማቸው የሚያስገርም አይደለም። ከአባቶቻቸው የሰሙት ይህንን ነውና።

ከዚያ እኛ መጣን። ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። አሰፋፈሩ ሁለት ዓይነት ነበር። መደበኛ የሚባለው በትራክተር የሚታረስ ሰፊ ጣቢያ ሲሆን፣ ሲግሰጋ የሚባለው ደግሞ ሰፋሪውን በነባሩ ገበሬ መንደር መካከል ማስገባት ነው። እኛ በሲግሰጋ የገባን ነን። ጎጆአችንን የሠራልን ነባሩ ገበሬ ነው፤ በገበሬ ማኅበሩ ታዝዞ እንጨት ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ። መሬቱንም ያካፈለን እርሱ ነው። ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ይህን ታነሣ ነበር። እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቆጮ እንዴት እንደሚጋገር እጇን ይዘው ያስተማሯት የጎረቤት ሴቶች ናቸው፤ በዚያው ሰሞን ባሎቻቸው የእኛን ጎጆ ሲያቆሙ የገዛ እርሻቸውን አረም በልቶት ነበር።

አባቴ ደግሞ የወሎ ገበሬ ነው፤ የሚያውቀው በሬና ጤፍ ነው። ካድሬው በገመድ ለክቶ የሰጠው ቦታ ዛፍ የሞላበት ነበር። ዛፉን ጥሎ፣ አቃጥሎ፣ ጤፍ ዘራበት። ያን ጭስ ከማዶ ቆሞ ይመለከት የነበረው የካፋ ገበሬ በልቡ ምን እንዳለ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የእኛ ወገን ይህን ሳያምን ስለ መብቱ ብቻ ቢናገር የሚሰማው አያገኝም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሌላው ሰፈራ በየክልሉ ውስጥ እንዲሆን ተደረገ። ዕቅዱ በአራት ክልሎች 440,000 አባወራዎችን፣ ከእነ ቤተሰባቸው 2.2 ሚሊዮን ሰው ማስፈር ነበር። በፈቃደኝነት ነው ተባለ፤ ለአባወራው እስከ 2 ሄክታር መሬት ይሰጠዋል፣ በመነሻ ቀዬው ያለው ይዞታም ለ3 ዓመት ይጠበቅለታል ተባለ። ሰፈራውም የሚደረገው ባልተያዘ መሬት ላይ ነው ተባለ። በካፋ ግን ያልተያዘ ተብሎ የሚጠቆመው መሬት አብዛኛውን ጊዜ ደን ነው፤ ደኑም ባለቤት አለው።

ይህ የባለቤትነት ነገር ከሩቅ ለሚያይ ሰው አይገባውም። በጎረቤታችን በሸካ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ። ጫካው ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ቀፎ የሚሰቅልበት ባለመብት አለው፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በእኛም ሰፈር ልማዱ ከዚያ አይርቅም። ከዚያ ጅረት እስከዚያ ዝግባ ያለው የእገሌ ነው፤ ከዝግባው ወዲያ የእገሌ ነው። አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ግን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ንብ ማነብን ያስተማሩኝ አንድ የካፋ አዛውንት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቀፎ የሚሰቅሉት ጌተም የሚባለው ዛፍ በሚበዛበት አካባቢ ነው፤ ነጩ የካፋ ማር የሚገኘው ከጌተም አበባ ነውና። እርሳቸው በገመድ ተንጠልጥለው ወደ ላይ ሲወጡ እኔ ከሥር ሆኜ ቀፎውን እያሰርኩ እልክላቸዋለሁ። አንድ ቀን አጠገባችን ለመውጣት የሚመች፣ ቅርንጫፉ የተዘረጋ ትልቅ ዛፍ ትተው ወደ ገደሉ አፋፍ ሲያልፉ አየሁና «ጋሼ፣ ይህ አይሻልም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይህ የወንድሜ ልጅ ዛፍ ነው» አሉኝ። ያ የወንድማቸው ልጅ ቀበሌውን ለቆ ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ይመጣል ተብሎም አይጠበቅም። እርሳቸው ግን ገደሉን መረጡ። ይህን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ከሌላ አገር መጥቶ፣ አንድም ሰው ሳያስረዳው መጥረቢያ ሲያነሣ የሰው ይዞታ እየደፈረ መሆኑን ከየት ያውቃል? ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰፈራውን ያቀዱት ሰዎች ይህን ሥርዓት ሰፋሪው እንዲያውቀው ቢያደርጉ ኖሮ ግማሹ ጠብ አይፈጠርም ነበር።

እንግዲህ ደኑን ማን እያጠፋው ነው? ጫካ ውስጥ የሚውል ሰው መልሱን ያውቃል። ሁላችንም ነን። የወደቀ ግንድ ለማንም ይታያል። የማይታየው ጥፋት ግን ከሚታየው ይብሳል። የደን ቡና ያለው ሰው ምርቱ እንዲጨምርለት በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከቡናው ሥር ይመነጥራል። ቁጥቋጦውን ሲያጸዳ አብረው የበቀሉትን የቀረሮ፣ የዋንዛ፣ የሰሳ ችግኞች በገጀራ ጠርጎ ይሄዳል። ጥላው በዛብኝ ያለው ደግሞ የትልቁን ዛፍ ልጥ ዙሪያውን ቀርፎ ቆሞ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ከመኪና መንገድ ለሚመለከት እንግዳ ደኑ ሙሉ ነው። ውስጡ ገብተው መሬት መሬቱን ቢያዩ ግን ከሽማግሌው ዛፍ ሥር ቡና እንጂ የዛፍ ልጅ የለም። አንድ ትልቅ ቀረሮ በነፋስ ሲወድቅ ቦታው ያፈጣል፤ የሚተካ የለም። ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጫካ ስወጣ ከጉልበት በታች የሆነ የቀረሮ ችግኝ ፈልጋችሁ አምጡልኝ እላቸዋለሁ፤ ቡና ባልገባበት ጥግ በአንድ አፍታ ያገኛሉ፣ በተመነጠረው ውስጥ ግን ፈልገው ፈልገው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ይህን የሚያደርገው ነባሩም ነው፣ የወሎ ልጅም ነው፣ የከምባታ ልጅም ነው። የቡና ዋጋ በወጣ ዓመት ገጀራው ይበዛል፤ ገጀራውን የያዘው እጅ ከየት እንደመጣ ለችግኙ ለውጥ የለውም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን በሰፋሪ ላይ የሚጮኸው አፍ፣ በሺህ ሄክታር ለሚሰጠው ጸጥ ማለቱ ነው። የውሽውሽ የሻይ እርሻ ያለው እዚሁ ጊምቦ ወረዳ ውስጥ ነው፤ በመንግሥት ውሳኔ ለሻይ የዋለ መሬት ነው። ወደ ሚዛን ከተማ ወርደን ካለፍን የበበቃ ቡና እርሻ 10,000 ሄክታር ገደማ ይዟል። እነዚህ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነዋል፤ ይፍረሱ አልልም። ግን አንድ ገበሬ ለልጁ ጎጆ መውጫ የመነጠረው ቦታ የደን ጭፍጨፋ ተብሎ ሲያስከስስ፣ ሌላው በውል ሲመነጠር ልማት ተብሎ ከተጨበጨበለት፣ ሕዝቡ ከጥበቃው የሚማረው ጥበቃን አይሆንም።

በጋምቤላ ክልል፣ በማጃንግ ዞን ጎደሬ ወረዳ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በ2002 ዓ.ም. 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ልማት ለ50 ዓመት በሊዝ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ተሰጠ። ቦታው ማጃንጎች ቀፎ የሚሰቅሉበት ደን ነው። ሽማግሌዎቻቸው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዛፍ ሲቆረቆሩ የኖሩ ሰው ነበሩና፣ ደኑ እንዳይነካ ደብዳቤ ጻፉ። መሬቱ ግን ለኩባንያው መሰጠቱ አልቀረም። የርእሰ ብሔር ደብዳቤ ያላስቆመውን ምንጣሮ የቀበሌ ሚሊሻ ያስቆማል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ሚሊሻው የሚያስቆመው የእንጨት ሸክም ያጎበጣትን ሴት ነው።

ደንን ሰበብ አድርጎ ሰውን ማፈናቀል በስብሰባ ጭብጨባ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑንም አይተናል። በ2004 ዓ.ም. በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ከጉራፈርዳ ወረዳ በሺዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ሲፈናቀሉ፣ ከቀረቡት ምክንያቶች መካከል ሕገ ወጥ ሰፈራና የደን ጭፍጨፋ ይገኙበት ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ወረዳ ሰላማዊ ሰዎች በግፍ ተገደሉ። ከጉራፈርዳ ሸሽተው ወደ እኛ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦችን በቤቴ አሳድሬአለሁ። ልጆቹ ስለ ዛፍ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። ቡናቸው ለቀማ ደርሶ እንደነበር ግን አባትየው ደጋግመው ያነሡ ነበር። ያን ቡና ሌላ ሰው ለቅሞታል፤ ማሳው ወደ ጫካነት አልተመለሰም። ወጣቱ ተማሪዬ «ሰፋሪው ሲሄድ ደኑ ያርፋል» ሲል ይህን ቢያስብልኝ እወዳለሁ።

የትውልድ ቦታ መለኪያ እንደማይሆን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በካፋ ምድር ከማንጆዎች ይበልጥ ኑሮው ከደን ጋር የተሳሰረ ወገን የለም። አባቶቻቸው አዳኞች ነበሩ፤ ዛሬም ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል ሸጠው ያድራሉ። ከየት መጣችሁ የሚላቸው የለም። ሆኖም ስንት ዘመን ከሰው ደጃፍ እንዳያልፉ፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በቦንጋ ዙሪያ አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲጀመር እነርሱን አባል ማድረግ ከሥራው ዓላማዎች አንዱ ነበር፤ ደኑ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ትቶ ደኑን መጠበቅ አይቻልምና። ዛሬ በእኛ ማኅበር ከማንጆ ወገን የሆኑ ጠባቂዎች አሉ። ሌሊት የመጥረቢያ ድምፅ ሰምተው ከየትኛው ሸለቆ እንደመጣ ሳይሳሳቱ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። የአገሩን ልጅ ያገለለ አጥር የእንግዳውን ልጅ ቢያገልል አይደንቀኝም፤ አጥሩ ያው ነው።

አሳታፊ የደን አስተዳደር ማለት በአጭሩ፣ መንግሥትና የአካባቢው ሕዝብ ውል ገብተው፣ ሕዝቡ ደኑን ይጠብቃል፣ በምላሹም ከማሩ፣ ከኮረሪማው፣ ጥምዝ ከሚባለው ቅመምና ከደን ቡናው ይጠቀማል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። በእኛ ቀበሌ ያለው ችግር የአባልነት መዝገቡ ማኅበሩ በተመሠረተ ሰሞን መዘጋቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው፣ እዚያው ተወልዶ ጎጆ የወጣ ልጁም ጭምር፣ ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ከቤቴ በላይ ዳገቱ ላይ ከከምባታ የመጣ ጎረቤት አለኝ። ቤቱ ከደኑ ጠርዝ ላይ ነው። አባል ስላልሆነ ደረቅ እንጨት ማንሣት፣ ኮረሪማ መልቀም፣ ቀፎ መስቀል አይፈቀድለትም ነበር። ምጣዱ ግን ያለ ማገዶ አይሰማም። ሚስቱ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ስትያዝ ገጀራዋን ይነጥቋታል፣ ቅጣት ትከፍላለች፤ በሳምንቱ ትመለሳለች። ባልየው ሌሊት ይቆርጣል ይባል ነበር፤ እውነትም ይቆርጥ ነበር። በቀን ደረቁን እንዳይለቅም የተከለከለ ሰው በሌሊት እርጥቡን ይጥላል። ቀን ቢሆን ይመርጣል፤ በጨለማ ምርጫ የለም፣ መጥረቢያው ያገኘውን ነው። ጠዋት ሄደን ስናይ ከቁርጡ ላይ ገና ውኃ ይወርዳል፣ ግንዱም ተሸክሞ ለመሄድ ከብዶት ግማሹን ጥሎት ሄዷል።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ብዙ ከተነጋገርን በኋላ እርሱንና መሰሎቹን በተራ ጥበቃ አስገባናቸው። አንድ ጥግ ተሰጣቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይዘዋቸው ዞሩ፤ የማን ይዞታ የት እንደሚጀምር፣ የትኛው ጫካ የጸሎት ስፍራ ስለሆነ ቅጠል እንደማይቀነጠስበት በእጃቸው እየጠቆሙ አሳዩአቸው። ደረቅ እንጨት በቀን እንዲያነሡ፣ ቀፎም እንዲሰቅሉ ተፈቀደ። በዚያ ጥግ ላይ ትኩስ ጉቶ ማየት እየቀረ መጣ። ባለፈው በጋ ከአንድ ማሳ የተነሣ እሳት ወደ ደኑ ሲገባ ጩኸት አሰምቶ ሰው የሰበሰበው፣ ቅርንጫፍ ቆርጦ ፊት ለፊት እሳቱን ሲመታ ያደረው ይኸው ጎረቤቴ ነው፤ ቀፎዎቹ እዚያ ነበሩ። ከእርሱ ቀፎዎች ጋር የነባሮቹም ተረፉ። በማግሥቱ አንዲት የካፋ እናት ለተቃጠለው እጁ ቅቤ ይዘው ቤቱ ድረስ ሄዱ። እኔ በጸሐፊነቴ ይህን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ላሰፍረው ስፈልግ ስሙን የማስገባበት ዓምድ አልነበረም፤ አባል አይደለምና። ሁሉም ነገር በቃል ስምምነት የቆመ ነው። የማኅበሩ መሪ ሲለወጥ ስምምነቱም ሊለወጥ ይችላል።

«ለመጣ ሁሉ ከተከፈተማ ከደኑ ምን ይተርፋል?» የሚሉኝ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእንግዲህ ወደ ደን ጠርዝ አዲስ ሰው መስፈር የለበትም እላለሁ፤ በመንግሥት ዕቅድም፣ በደላላም። በየመንደራችን የደን መሬት በስውር ውል ይሸጣል። ሻጩ ነባር ነው፣ ገዢው መጤ ነው፣ ምስክር ሆኖ የሚፈርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀበሌ ሰው ነው። ነገሩ ሲወጣ የሚወቀሰው ገዢው ብቻ ነው። ሦስቱም እኩል ይጠየቁ፤ ያኔ ገበያው በራሱ ይዘጋል። አባል ይሁን የምለው ስለ ነገ መጪ አይደለም፤ ዛሬ እዚያው ስለሚኖረው፣ ልጁ እዚያው ስለተወለደው ሰው ነው።

ለእኛም ወገን የምለው አለኝ። ከወሎ ይሁን ከከምባታ የመጣ ሰው ይህን ያህል ዘመን ኖሮ የጎረቤቱን ቋንቋ አለማወቁ ያሳፍራል። ሽማግሌዎች የሚያከብሩትን የጸሎት ዛፍ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ የሚቆርጥ አለ። ሃይማኖቱ የፈለገው ይሁን፤ ያ ዛፍ ለብዙ ዘመን ምንጭ ሲጠብቅ የኖረ ነው፣ ቆራጩም የሚጠጣው ከዚያው ምንጭ ነው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ የባለቤቱን ክብር የማይጠብቅ ሰው ስለ ሕገ መንግሥት ቢጠቅስ ጆሮ የሚሰጠው የለም።

ሕገ መንግሥቱስ ምን ይላል? በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር ነፃነት አለው። በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ከግል፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን ጋር አንድ የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ ተቀብሏል። ስለዚህ አዲስ ሕግ ይውጣልን የሚል ጥያቄ የለንም። ያለው ሕግ እስከ ጫካው ጠርዝ ይውረድልን ነው የምንለው።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላ ነገርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የለማ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። አፈጻጸሙ ቢራዘምም ቡናው የበቀለበት ማሳ በሳተላይት መገኛው መታወቁ አይቀርም። ከመዝገብ ውጭ ያለ ሰው ቡናውን ከማምረት አይቦዝንም፤ በጎረቤቱ ስም አሳልፎ ይሸጠዋል። ከዚያ በኋላ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም፤ ንጹሑ ገበሬም አብሮ ይጠረጠራል። ቡና ከምድሯ ወጣ ብለን የምንኮራበት፣ ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ የተመዘገበለት ካፋ በዚህ ምክንያት ገበያ ቢያጣ የሚጎዳው ነባሩም መጤውም ነው።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። አቤቱታ ይዞ ሐዋሳ ድረስ መሄድ ቀርቶ ቦንጋ ላይ መጨረስ ተቻለ። ለክልሉ ኃላፊዎችና የማኅበራትን ደንብ ለሚያጸድቁት ሁሉ የማቀርበው ልመና ከሽማግሌዎቻችን ጋር ተመካክረን ያዘጋጀነው የደንብ ማሻሻያ ነው። በደኑ ጠርዝ ቤት ሠርቶ የሚኖር፣ ቀረጥና ግብር የሚከፍል ሰው የጥበቃ ተራውን ለተወሰነ ጊዜ ሳያጓድል ከተወጣ ከየትም ይምጣ አባል ይሁን፤ ሴቶች በባል ስም መጠራታቸው ቀርቶ በራሳቸው ስም ይመዝገቡ። የነባሮቹ የቀፎ ይዞታ ከጅረት እስከ ዝግባ በጽሑፍ ሰፍሮ ይታወቅላቸው፤ አዲስ አባል ያንን ፈርሞ ይቀበል። ከቡና ሥር ሲመነጠር የዛፍ ችግኝ ሳይነካ መተው ግዴታ ይሁን፤ ይህን የጣሰ ነባርም ይሁን መጤ፣ ባለሀብትም ይሁን ደሀ በአንድ ቅጣት ይቀጣ። ደኑን ለኢንቨስትመንት መስጠት ቢታሰብ ያለ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ፈቃድ አይሁን።

ረቂቁን ለሚመለከተው ክፍል ካስገባን ቆይቷል፤ ይሁንም አይሁንም ያለን የለም። መልሱ ከነሐሴ በፊት ቢደርሰን ይጠቅመናል። ቡና ከመለቀሙ በፊት ያለው ምንጣሮ የሚጀመረው በነሐሴ ነው፤ ዘንድሮ የበቀሉት ችግኞች ገና ከሣሩ በላይ አልወጡም።

አክባሪያችሁ
መምህርና የደን ማኅበር ጸሐፊ፣ ከጊምቦ ወረዳ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ የታወቀ)